«ቤት ለእንግዳ!» በፓሪስ ማዘጋጃ ቤት

አንባቢ ሆይ! በአገራችን ልማድ የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ያለ እንደ ሆነ፥ ባለቤቱ «ቤት ለእንግዳ!» ብሎ ያስገባዋል። እግሩን ያጥቡታል፤ ከመደቡ የተሻለውን ቦታ ይለቁለታል፤ ከወዴት መጣህ፥ ወዴትስ ትሄዳለህ ብለው የሚጠይቁትም እንጀራው ከቀረበ በኋላ ነው። እስቲ ወረቀትህን አሳየን የሚል ባለቤት ግን በተረትም አልሰማንም።

ዛሬ ይኽንኑ «ቤት ለእንግዳ» የሚለውን ቃል በቴምብርና በማኅተም ወደሚናገሩበት አገር፥ ወደ ፈረንሳይ፥ አብረን እንሄዳለን። የምንሄደውም የኤፌልን ግንብ ለማየት አይደለም፤ ስለ እርሱ የጻፉ ብዙዎች ናቸውና። የምንጐበኘው ማዘጋጃ ቤት ነው። በዚያ አንዲት ወረቀት ትሰጣለች። በርስዋ ምክንያት እናት ከልጇ ትገናኛለች፤ እርስዋ ስትዘገይ ደግሞ እናት የልጇን ደስታ ሳታይ ትቀራለች።

ፓሪስ በ20 ወረዳዎች የተከፈለች ከተማ ናት። የመካከለኞቹ 4 ወረዳዎች እ.ኤ.አ. ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሲጠቃለሉ፥ የቀሩት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አላቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ለምሳሌ ያህል ወደ 18ኛው ወረዳ እንሂድ። ይኽ ወረዳ ነጩ የሳክሬ ከር ቤተ ክርስቲያን የሚታይበት የሞንማርትር ኮረብታ ያለበት ነው። ከኮረብታው በስተ ምሥራቅ ሻቶ ሩዥ በሚባለው ሰፈር የአፍሪካ ገበያ ደርቷል፤ ድንችና ሙዝ የሚመስሉ የምዕራብ አፍሪካ ምግቦች፥ አበባ የታተመባቸው ጨርቆች፥ የደረቀ ዓሣ ይሸጥበታል። በ12ኛው መሥመር የምድር ውስጥ ባቡር ሄደው ዡል ዦፍራን ከተባለው ጣቢያ ሲወጡ፥ በአንድ በኩል የኖትር ዳም ደ ክሊኛንኩር ቤተ ክርስቲያን፥ ፊት ለፊቱ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ቆመው ያገኟቸዋል።

በፈረንሳይ አገር ማዘጋጃ ቤት ማለት ሰው ሲወለድ የሚመዘገብበት፥ ሲያገባ የሚፈርምበት፥ ሲሞትም ስሙ የሚሰፍርበት ቤት ነው። ቅዳሜ ቀን ቢመጡ ሙሽሮች በደረጃው ላይ ፎቶግራፍ ሲነሡ ያያሉ። በእነዚህ ቤቶች ግንባር ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ቃላት ተቀርጸው ይገኛሉ፤ ትርጓሜያቸውም ነጻነት፥ እኩልነት፥ ወንድማማችነት ነው። እንግዳ ለመጥራት የሚሻ ሰውም የሚመጣው በእነዚሁ ቃላት ሥር አልፎ ነው።

የወረቀቷ ስም «አቴስታሲዮን ዳኬይ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የመቀበል ማረጋገጫ» ማለት ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር ዘመዱን ወይም ወዳጁን ከ3 ወር ላልበለጠ ጊዜ በቤቱ ሊያስተናግድ የሚፈልግ ሁሉ ይኽችን ከሚኖርበት ቦታ ማዘጋጃ ቤት ያወጣል። ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የጥሪ ደብዳቤ ሲባል «እናቴ ሆይ፥ ናፍቀሽኛልና ነይልኝ» ተብሎ የሚጻፍ ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ለልብ መልካም ነው፤ ለቆንስላ ጸሓፊ ግን አይበቃም። አቴስታሲዮን ዳኬይ በቀጥታ አነጋገር ዋስትና ናት። ፈራሚው «እንግዳዬን በቤቴ አኖራለሁ፤ የሚበቃው ገንዘብ ያጣ እንደ ሆነም ወጪውን እኔ እችላለሁ» ብሎ ለመንግሥት ይፈርማል። ዋስ መሆን ምን እንደ ሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዋስ የሚሆነው ሰው ራሱ መቅረብ አለበት፤ በብዙ ማዘጋጃ ቤቶችም አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። ይዞ የሚቀርበውም የራሱን መታወቂያ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ፥ የቤቱን የባለቤትነት ወይም የኪራይ ውል፥ በዚያ ቤት መኖሩን የሚያስረዳ የቅርብ ጊዜ የመብራት ወይም የውሃ ሒሳብ፥ የደመወዝ ወረቀትና የግብር ማስታወቂያ ነው። የእንግዳው ስምና የፓስፖርት ቍጥር፥ የሚመጣበትና የሚመለስበት ቀን በቅጹ ላይ ይሞላል። በተጨማሪ የ30 ኤውሮ ቴምብር ይከፈላል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ጥያቄውን ባይቀበለው እንኳ ገንዘቡ አይመለስም። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ቤቱ ለእንግዳ የማይበቃ መስሎ ከታየው ሠራተኞች ልኮ ሊያስመረምር ይችላል፤ ሠራተኞቹ ግን ባለቤቱ በጽሑፍ ካልፈቀደላቸው ደጁን አይረግጡም። አልፈቅድም ያለ እንደ ሆነ ግን ወረቀቷን ሊከለከል ይችላል።

ይኽን ሁሉ ድካም የሚያስችለው ጥቅሙ ነው። ፈረንሳይ የሚገባ እንግዳ የሚተዳደርበት ገንዘብ እንዳለው ማሳየት አለበት። የሆቴል ክፍል የያዘ ሰው ለያንዳንዱ ቀን 65 ኤውሮ ሲጠየቅ፥ አቴስታሲዮን ዳኬይ ያለው የሚጠየቀው ግማሹን፥ ማለት 32 ኤውሮ ከ50 ሳንቲም ነው። ለ60 ቀን ቢታሰብ 1,950 ኤውሮ መሆኑ ነው።

ታዲያ ፈረንሳውያን ራሳቸው ይኽን ነገር እንዴት ያዩታል? ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ይኽ ሥርዓት ከጥንት የኖረ አይደለም፤ የመጀመሪያው የማሳደሪያ ምስክር ወረቀት የወጣው በ1982 ዓ.ም. ነው። በ1997 ዓ.ም. የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ዣን ሉዊ ደብሬ ባቀረቡት የሕግ ረቂቅ ውስጥ፥ እንግዳ ያሳደረ ሰው እንግዳው በሄደ ጊዜ ለማዘጋጃ ቤት ማስታወቅ አለበት የሚል አንቀጽ ነበረበት። በዚህ ጊዜ ሕዝቡ ተቈጣ። እንግዳን ተቀብሎ በእንግዳው ላይ ነገር አቀባይ መሆን ነውር ነው በማለት በመጀመሪያ የፊልም አዘጋጆች፥ ቀጥሎም ደራስያንና ሌሎች ብዙዎች ስማቸውን እየፈረሙ ተቃወሙ። የካቲት ወር ውስጥ በፓሪስ ጐዳናዎች ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ተደረገ። በመጨረሻም ያ ግዴታ ከባለቤቱ ጫንቃ ወረደ። በ1998 ዓ.ም. የቀድሞው ምስክር ወረቀት ቀርቶ ዛሬ የምንነጋገርባት ወረቀት ተተካች፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሕጉ እንደ ገና ጠበቀ። እንግዲህ የእንግዳ ክብር በእነርሱም ዘንድ ያልታወቀ ነገር እንዳይመስልዎ።

አሁን ደግሞ ወረቀቷ በሰው ኑሮ ላይ የምትሠራውን ላጫውትዎ። በፓሪስ ዳርቻ በምትገኝ ትንሽ ከተማ የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ፤ በምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራል። ሴት ልጅ ተወለደችለት። እንደ ምታውቁት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። ወዳጄም ከአዲስ አበባ እናቱን አምጥቶ የመጀመሪያዋን የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ሊያሳያቸው ተመኘ። «80 ቀን ረጅም ጊዜ ነው፤ ይደርሳል» አለ።

ልጅቷ በተወለደች በ6ኛው ቀን ለማዘጋጃ ቤቱ አመለከተ፤ ቀጠሮው ለ16ኛው ቀን ሆነ። በዚያን ቀን አብሬው ሄጄ ነበር። ከመስኮቱ በስተ ጀርባ ያለችው ጸሓፊ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠችና የመብራቱን ሒሳብ ለይታ አወጣች። ሒሳቡ የተጻፈው በቤቱ አከራይ ስም ነበር። «ሙሴ፥ ይኽ ስም የርስዎ አይደለም» አለችው በትሕትና። ወዳጄ በየወሩ የሚከፍለው እርሱ መሆኑን፥ ልጅ መውለዱን፥ የ80ውን ቀን ነገር ሁሉ አስረዳት። ሴትዮዋም ፈገግ ብላ እንኳን ማርያም ማረችልዎ እንደ ማለት ያለ ቃል ተናገረችው፤ ወረቀቱን ግን መለሰችለት። ሁለተኛው ቀጠሮ ከ14 ቀን በኋላ ሆነ። ስለዚህ ወረቀቷ በእጁ የገባችው ልጅቷ 30 ቀን በሞላት ጊዜ ነው።

ወረቀቷ ቅጅዋ ሳይሆን ራስዋ ለእንግዳው መድረስ አለባትና በመንገደኛ እጅ ተላከች። እናቲቱ በአዲስ አበባ የቪዛ ማመልከቻቸውን ያስገቡት በ39ኛው ቀን ሆነ። ለማመልከቻው ከሰኔ 2024 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰነውን 90 ኤውሮ ከፈሉ፤ እስከ 30,000 ኤውሮ የሚደርስ የሕክምና ወጪ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ አቀረቡ፤ ጥጥ ሲፈትሉ የኖሩ አሥር ጣቶቻቸውንም በመስታወቱ ላይ አሳርፈው አሻራ ሰጡ። ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነበር።

የሸንገን ቪዛ መልስ በደንቡ የሚሰጠው በ15 ቀን ነው። ዳሩ ግን በሚያዝያ ወር 2024 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት፥ የኢትዮጵያ መንግሥት በአውሮፓ ለመኖር ያልተፈቀደላቸውን ዜጎቹን መልሶ በመቀበል ረገድ በበቂ አልተባበረም በማለት፥ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ጊዜው 45 ቀን እንዲሆን ወስኖ ነበር። በሁለት መንግሥታት መካከል ያለውን ክርክር ለባለሥልጣኖች እንተወውና፥ በሽሮ ሜዳ በኩል የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት ሴት ከዚያ ክርክር ውስጥ ምን ድርሻ ነበራቸው? ሆኖም የጠበቁት እርሳቸው ናቸው።

39 ላይ 45 ቢደመር 84 ይሆናል። ልጅቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሣች። አባቷ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሞ ሳለ በእጅ ስልኩ ለእናቱ ሊያሳያቸው ሞከረ፤ እርሳቸው ግን በጸሎቱ መካከል ስልክ መነጋገር ደስ አላላቸውምና «በኋላ ትነግረኛለህ» ብለው ዘጉት። ፓስፖርታቸው ቪዛ ተመቶበት የተመለሰው በ84ኛው ቀን ነው። በማዘጋጃ ቤቱ መስኮት የጠፉት 14 ቀኖች ባይጠፉ ኖሮ በ70ኛው ቀን ይመለስላቸው ነበር። አንዲት የመብራት ሒሳብ ያደረገችውን ይመልከቱ!

በ87ኛው ቀን ጧት ሻርል ደ ጎል ከተባለው የአይሮፕላን ጣቢያ ተቀበልናቸው። የፓስፖርት መርማሪው የት ነው የሚያርፉት ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ ቋንቋውን አልሰሙትም፤ ነገሩ ግን ገባቸው። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ወረቀቷን አወጡና ዘረጉለት። መርማሪውም አይቶ ማኅተሙን መታላቸው። ቤት ገብተው ልጅቷን ከታቀፉ በኋላ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል «ክርስትናሽን ሳላይ ቀረሁ፤ ልደትሽን ግን አንቺው መጥተሽ ታሳዪኛለሽ» የሚል ነበር። አባቷ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የተፈቀደላቸው 60 ቀን ነበር። ጐረቤቶቹም፥ ያገሩ ልጆችም «ጥቂት ቢቆዩ ምናለ፤ እዚህ ስንቱ ቀርቷል» እያሉ መከሯቸው። እርሳቸው ግን በ58ኛው ቀን ሻንጣቸውን አሰሩ። «በዚህች ወረቀት ላይ የተጻፈው የልጄ ስም ነው። እኔ ብቀር የሚያፍረው እርሱ ነው፤ ነገ ደግሞ የሚስቱን እናት ሊጠራ ይፈልጋል» አሉ። ዋስትና ሁለቱንም ወገን የምታስር ገመድ መሆኗን ከርሳቸው ተማርሁ።

እንግዲህ አንባቢዬ፥ እርስዎም በፈረንሳይ ልጅ ወይም ወንድም ያለዎ እንደ ሆነ፥ ወይም እዚያ ሆነው እናትዎን ለመጥራት ያሰቡ እንደ ሆነ፥ ምክሬ አጭር ነው። የቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ሊቀርብ ይችላልና ደስታው እስኪደርስ አይጠብቁ፤ ወዳጄ ሚስቱ እርጉዝ ሳለች ቢጀምር ኖሮ ይኽ ሁሉ ባልሆነ ነበር። በውሉ፥ በመብራቱ ሒሳብና በደመወዙ ወረቀት ላይ ያለው ስም የርስዎ መሆኑን ከቤትዎ ሳይወጡ ይመርምሩ። የማይችሉትን አይፈርሙ። የፈረሙትንም ለእንግዳዎ በሚገባው ቋንቋ ያስረዱት።

ወዳጄ የመብራቱን ሒሳብ በራሱ ስም አዛውሯል። ለሚስቱ እናት የሚያቀርበው ማመልከቻም በኤንቬሎፕ ታሽጎ ከልጅቷ አልጋ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ቀጠሮው በሚመጣው ሳምንት ነው።