ሳሎን ብቻውን ቤት አይደለም

ሰው አንድ ነገር ሲጐድልበት አስቀድሞ የሚከሰው ከደጅ ያለውን ነው። እኔም ዕድሜዬን በፍርድ ቤት ጽሕፈት ያሳለፍሁ ሰው ስሆን፥ ምስክር ሳልሰማ መፍረዴን በገዛ ቤቴ አየሁትና ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ልጽፈው ወደድሁ።

እናቴ የሚኖሩት ከጓዳው ወዲያ ባለው ክፍል ነው። በየእሑዱም በዋሽንግተን ከሚኖረው የእኅቴ ልጅ ጋራ በስልክ ፊት ለፊት እየተያዩ ይነጋገራሉ። ነገር ግን የልጁ መልክ ይደርቃል፥ ድምፁም ይቈራረጣል። አንድ ቀን እናቴ ስልኩን ዘግተው «ልጄ፥ ይህ ልጅ እኔን ማነጋገር ሰልችቶታል መሰለኝ፤ ስጠይቀው ዝም ብሎ ያየኛል» አሉኝ። ይህ ቃል ልቤን ነካው። ተቈጥቼም አገልግሎቱን የሚሰጠውን ድርጅት ወቀስሁ፤ ገንዘብ ጨምሬም ፍጥነቱን ከፍ አስደረግሁ። የእናቴ ክፍል ግን እንደ ነበረ ቀረ።

በኋላ ሴት ልጄ «አባባ፥ መጀመሪያ እንለካው» አለችኝ። ስልክ ይዘን በየክፍሉ እየቆምን ፍጥነቱን በደብተር ጻፍን። በሳሎን 40 ሜጋቢት ሲሆን በእናቴ ክፍል 1 እንኳ አልሞላም። እንግዲህ መንገደኛው እስከ ደጃችን በደኅና ደርሶ የሚጠፋው በቤታችን ውስጥ መሆኑ ተገለጠ።

ምክንያቱም ይህ ነው። ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ከራውተሩ ወጥቶ ሲርቅ ይደክማል፤ የድንጋይ ግንብ ያዳክመዋል፥ ብረትና መስተዋት ይመልሱታል፥ ውኃም ይመጠዋል። እኔ ግን ለሳሎኑ ውበት ብዬ ራውተሩን ከባለ መስተዋቱ ቡፌ ኋላ፥ ከወለሉ ላይ ደብቄው ነበር።

ስለዚህ ራውተሩን ከቤቱ መካከል፥ በመተላለፊያው ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አኖርነው። በዚህ ብቻ የልጆቹ ክፍል ዳነ። ደግሞም ራውተሩ ሁለት ዓይነት ሞገድ አለው፤ የ5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ሲሆን ግንብ ያሸንፈዋል፤ የ2.4 ጊጋኸርዙ ዘገምተኛ ሲሆን ርቆ ይሄዳል። የእናቴን ስልክ በሁለተኛው አገናኘነው፤ ጥቂት ተሻለ፥ ነገር ግን በመካከል ሁለት ግንብ አለና አልበቃም።

ሞገድ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ልንገዛ አሰብን። ይህ መሣሪያ ግን መቀመጥ ያለበት ሞገዱ ገና ሳይደክም ከመንገዱ አጋማሽ ነው እንጂ ሞገዱ ከጠፋበት ክፍል አይደለም፤ የደከመ ቢቀበል የደከመ ይሰጣልና። በዚያውም በአንዱ ሞገድ የሚቀበልና የሚሰጥ ሲሆን ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የኔትወርክ ገመድ በኮርኒሱ አሳልፈን በእናቴ ክፍል ሁለተኛ የዋይፋይ ማሠራጫ ተከልን። እንዲህ ያለው ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ሳያዳክም ያደርሳል።

በተከታዩ እሑድ ልጁ የወለቀ ጥርሱን ለአያቱ አሳየ። እናቴም እየሳቁ «ለካ ሰልችቼው አልነበረም» አሉ።

ክቡራን ሆይ፤ ሳሎናችንን ለእንግዳ ስናሳምር የቤቱን ባለቤቶች እንረሳለን። እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣታችሁና ሌላውን ከመውቀሳችሁ አስቀድሞ ቤታችሁን ለኩ፤ ስትፈርዱም በሳሎን ተቀምጣችሁ ሳይሆን ከሁሉ ርቆ በሚኖረው ሰው ክፍል ቆማችሁ ፍረዱ።