በገናን በስልክ ይማሩታልን?

ለዠማሪ በገናን በሩቅ ኾኖ ማስተማር ብዙ አያስጨንቅም፤ ጣትሽን ከዚህ አድርጊ፥ ይህን አውታር ምቺ ማለት ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው ትምህርቱ ከፍ ሲል ነው።

ትልቋ ልጄ ከየኔታ እግር ሥር አራት ዓመት በገና ከደረደረች በኋላ ለትምህርት ወደ ጀርመን አገር ሄደች። የኔታም በየቅዳሜው ከቤታችን እየመጡ ፊቷን በስልክ መስኮት እያዩ ያስተምሯት ዠመር። ነገሩ በዓለም እንግዳ አይደለም፤ በኒው ዮርክ የማንሃታን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በፒንካስ ዙከርማን አሳሳቢነት በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ቫዮሊንን በምስል አሻግሮ ማስተማር ዠምሯል። በገና ግን ጠባዩ ሌላ ነው።

እንደሚታወቀው 10ሩ አውታሮች በበርኩማው ላይ ሲያልፉ እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ በመካከል ይገባል፤ ያ የሚነዝረው ግርማ ያለው ድምፅ የሚወጣው ከዚህ ነው። ስልኩ የተሰናዳው ለንግግር ነውና ንዝረቱን እንደ ነፋስ ጩኸት ቈጥሮ ያስቀረዋል። የኔታም የሚሰሙት ደረቅ ድምፅ ብቻ ስለ ኾነ፥ «ልጄ፥ እንዚራው ቦታውን ለቋል» እያሉ ሦስት ሳምንት አደከሟት። እርሷም ቆዳውን ከፍ ዝቅ ስታደርግ ሰንብታ በመጨረሻው፥ «የኔታ፥ በገናውን ልስቀለው መሰለኝ» አለች። እናቷ ይህን ስትሰማ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። በኋላ ልጅቷ ስልኩ ድምፅን ሳያጣራ እንዳለ እንዲያሳልፍ የሚታዘዝበትን ስፍራ አገኘች። ያ ንዝረት ከቤታችን ሲሰማ የኔታ ዝም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አብሮ መደርደር ግን ከቶ አልተቻለም። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ 10 ሜትር በተራራቁ ኹለት ሰዎች መካከል ድምፅ 3 መቶኛ ሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ ከዚያ ሲበልጥ ምቱ ይጐተታል። የስልኩ መዘግየት ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ የኔታ እኛ በዜማ ቤት ወደምናውቀው ቅጸላ ተመለሱ፤ እርሳቸው ይደረድራሉ፥ እርሷ ትሰማለች፥ ከዚያ ብቻዋን ትመልሳለች።

እኔ በፍርድ ቤት ጸሓፊነቴ ይበልጥ የወደድሁት አስቀድማ ቀድታ የምትልከውን ድርደራ ነው። የትኛው አውታር እንደ ተዘለለ ጥርጥር ሲነሣ መዝገቡ ይገለጣልና ክርክር የለም።

የጣት ክብደት ግን በመዝገብ አይሰፍርም። ቀድሞ የኔታ ጣቷን በጣታቸው ይዘው አውታሩን ያስነኳት ነበር፤ አኹን «ለስለስ፥ ጠበቅ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላቸውም። ስለዚህ አንዱን ከባድ ድርደራ ለክረምት አቈይተውታል። ልጅቷ በሐምሌ ስትመጣ እንዲደርስ፥ ለአውታር የሚኾነው የበግ አንጀት ከጣራው ሥር ተዘርግቶ እየደረቀ ነው።