ዞምቢዎቹ ዳር ከያዙ በኋላ

«ዘ ዎኪንግ ዴድ» የተባለውን ኮሚክ እስከ መጨረሻው ያነበቡ ሰዎች የሚጋሩት አንድ ቅሬታ አለ፤ አጀማመሩ እንቅልፍ ይነሳል፣ ወደ መጨረሻው ግን ይጎተታል ይላሉ። ሮበርት ኪርክማን ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከሰባተኛው እትም ጀምሮ ሥዕሉን ቻርሊ አድላርድ ተረከበ፤ በ2019 በ193ኛው እትም ተቋጨ። ሰዎች የሚያማርሩት በተለይ ከ127ኛው እትም ወዲህ ያለውን ነው። የዋና ገጸ ባሕርዩ የሪክ ቡድን ከጠላቱ ከኔጋን ጋር ያደረገው ጦርነት 126ኛው ላይ ያልቃል፤ ታሪኩ ሁለት ዓመት ገደማ ይዘላል፤ ከዚያ ወዲያ እርሻው፣ ንግዱ፣ ሕጉና ስብሰባው ይበዛል። ዞምቢ ብሎ መጥቶ ስብሰባ ላይ የተጣደ አንባቢ ቢያኮርፍ አይፈረድበትም። እኔ ግን ኮሚኩ ወደ ማብቂያው የደከመው በተጣደፈበት እንጂ በዘገየበት ቦታ አይደለም ባይ ነኝ።

167ኛውን እትም እንውሰድ። የሪክ ፍቅረኛ አንድሪያ ባልደረባቸውን ዩጂንን ለማዳን ስትል በዞምቢ ተነክሳለች፤ መሞቷ የታወቀ ነው። እትሙ ከሞላ ጎደል አልጋዋ ዙሪያ ያልፋል። ወዳጆቿ በየተራ ገብተው ይሰናበቷታል፤ ሪክ ከአጠገቧ አይነሳም። ጥቃት የለም፣ ሽሽት የለም። «ምን ሆነ?» ተብሎ ቢጠየቅ ባንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ሆኖም ከ193ቱ እትሞች ውስጥ ይህን ያህል የሚከብድ ጥቂት ነው። አሁን ደግሞ ከ157 እስከ 162 ያለውን የሹክሹክተኞቹን ጦርነት እንየው። የሙታንን ቆዳ ለብሰው በመንጋው መካከል የሚጓዙ ሰዎች! መጀመሪያ ሲመጡ፣ ሬሳ መሳዩ ነገር ድንገት ሹክ ሲል፣ ያስፈሩት ኪርክማን ቀስ ብሎ ስላመጣቸው ነው። ጦርነታቸው ግን በስድስት እትም ተጠቃለለ፤ ቅርጹም ያው የምናውቀው ነው፦ ጠላት መጣ፣ ተከበብን፣ ብዙ ሞተው ተረፍን። ቀደም ሲል «ገዥው» ከሚባለው ጠላት ጋር አይተነዋል፣ ከኔጋን ጋር አይተነዋል። አንባቢውን ያሰለቸው ይህ ሦስተኛ ዙር ነው፤ ፍጥነቱ አላዳነውም።

በዝግታ መደጋገም በራሱ ነውር እንዳልሆነ ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ባቲና አምባሰል የአገሩን ስም የያዙ ቅኝቶች ናቸው። መንዙማም ሌሊቱን ሲዘለቅ ያው አዝማች ይመላለሳል፤ ነገር ግን በየዙሩ ድቤው ይጠነክራል፣ አዲስ ስንኝ ይገባል፣ ተቀባዩም ይሞቃል። የሹክሹክተኞቹ ጦርነት የጎደለው ይህ ጭማሪ ነው።

ደሴ ፒያሳ ተቀምጦ ይህን ለሚያነብ ሰው ደግሞ ጉዳዩ ከዞምቢ ወጣ ይላል። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ገደማ በትግራይ ኃይሎች ተይዘው ኅዳር መጨረሻ ላይ ተለቀቁ። አምስት ሳምንት ያህል ነው። የዓለም ዜና ስለ ከተሞቹ ያወራው በነዚያ ሳምንታት ነው። ነገር ግን ከደሴ ሆስፒታል የተዘረፈውን መሣሪያ መተካት፣ የቆመ ፋብሪካ ማስነሳት፣ ሱቅን ባዶ መደርደሪያ ይዞ እንደገና መጀመር፣ ማን ምን አደረገ የሚለውን ጥያቄ ሳይጋደሉ ማንሳት በሳምንት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ያ ሁሉ ኮሚቴ ነው፣ ወረፋ ነው፣ ደብዳቤ ነው። ኮሚኩም የሚያሳየው ይህንኑ ከጦርነት በኋላ ያለውን ነው፤ ከ127ኛው እትም በኋላ ሪክ በከዘራ ይሄዳል፤ ኔጋን የሰበረው እግሩ ድኖ እንደ ድሮው አልሆነለትም። ልጁ ካርል አንጥረኛ ጋ ገብቶ ብረት መቀጥቀጥ ይማራል። ኔጋን ራሱ አልተገደለም፤ ታስሮ ይቀለባል፤ ይህ ውሳኔ በየጊዜው እንደ አዲስ ያጨቃጭቃል። ከመቶ በላይ እትም ሰው እንዴት እንደሚሞት በዝርዝር ያሳየ ደራሲ «ከዚያም አገር ሠሩ» ብሎ በሁለት እትም ቢያልፍ ኖሮ ዋሸ እንለው ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተገቢ መከራከሪያ አለ። ወር ጠብቆ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ሃያ ምናምን ገጽ ባሥር ደቂቃ የሚጨርስ አንባቢ ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ብቻ ካየ ተበድሏል። እውነት ነው፤ አሳታሚዎቹም ሳይገባቸው አልቀረም፤ የኔጋንን ጦርነት አሥራ ሁለት እትሞች በወር ሁለቴ ያወጡት ለዚህ ይመስለኛል። ግን ይህ የአወጣጡ እንጂ የታሪኩ በደል አይደለም። ዛሬ ለሚጀምር ሰው ሁሉም ተደርድሮ ይጠብቀዋል፤ ያ የወር ጥበቃ የለበትም፤ የሚቀረው ድግግሞሹ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ አንድ ላይ ማንበብ ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም።

ሌላው ክርክር ገንዘብ ነው፦ የሚሸጥ ነገር መቼም አይቋጭም። በአማርኛ ተከታታይ ድራማም የምንጠረጥረው ይህንኑ ነው። «ሰው ለሰው» ይታይ በነበረበት ጊዜ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን «መቼ ነው የሚያዘው?» እያለ የጠበቀ ተመልካች፣ ስፖንሰር እስካለ ድረስ አይያዝም ብሎ መቀለዱ አይቀርም። ኪርክማን ግን በተቃራኒው ሄደ። ቀደም ሲል እስከ 300ኛው እትም ስለ መሄድ ያወራ የነበረ ሰው፣ ያልተሠሩ ቀጣይ እትሞችን ሽፋን ሳይቀር አስተዋውቆ፣ ሳይነግረን 193ኛው ላይ ዘጋው። ልፋቱ ለገበያ ቢሆን ኖሮ ይህን አያደርግም።

የመጨረሻው እትም ብዙ ዓመት ይዘላል። ሄርሼል የተባለ ወጣት ዞምቢዎችን ይዞ እየዞረ በገንዘብ ያሳያል፤ ካርል ይገድላቸዋል፤ የሰው ንብረት አጠፋህ ተብሎ ይከሰሳል። ዞምቢ መግደል ወንጀል የሆነበት አገር! ይህ ቀልድም ሐዘንም የሆነ ክስ ትርጉም የሚሰጠው ያ ሁሉ ስብሰባና እርሻ ቀድሞ ስለተነበበ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ኮመንዌልዝ ነው። ሃምሳ ሺህ ሰው የሚኖርባት፣ ድሮ ጠበቃ የነበረ ዛሬም ጠበቃ፣ ድሮ ድሃ የነበረ ዛሬም ድሃ የሚሆንባት ከተማ ናት። በ175ኛው እትም ገብተንባት በ192ኛው ሪክ በገዥዋ ልጅ ጥይት አልጋው ላይ ይሞታል። መሀል ላይ ያለው የሕዝብ ቁጣ በሪክ ንግግር ይበርዳል። የመደብ ጥላቻ በአንድ ንግግር የሚበርድበትን አገር የት እንደሚያገኙት እንጃ። የከተማዋ አንጥረኛ፣ ልብስ አጣቢና ወታደር ምን እንደሚሉ ለመስማት ገና ጀምረን ነበር፤ እዚያ ላይ አሥር እትም ሙሉ ሰው ተቀምጦ ቢያወራ አንድም ገጽ አልዘልም ነበር።