«ዝም አይነቅዝም» ብለን ስለ መከርነው ምክር

ሕዝባችን ሙግት የሚያውቅ ሕዝብ ነው። በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ተጣልተው አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደ ሆነ፣ ሌላው ባለበት ቆሞ፣ መንገደኛውን ዳኛ አድርገው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ይሟገቱ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ያወጉናል። አንደበቱ የማይፈታለት ሰውም ነገረ ፈጅ ይይዝ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚህ ልማድ ጎን ሌላ ልማድ አለን፤ ይኸውም የቤትን ገመና ከደጅ አለማውጣት ነው። ስለዚህም «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። ምሳሌው በብዙ ስፍራ እውነት ነው። እኛ ግን ያለ ስፍራው ተናግረነው አንዲት እናት ልጆቿን ልታጣ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ይህን የምንጽፈውም ጥፋታችንን ለመናዘዝ ብቻ ሳይሆን፣ እንደ እኛ በውጭ አገር ዘመድ ያለውን አንባቢ ይጠቅመው እንደ ሆነ በማለት ነው።

የአክስታችን ልጅ በለንደን ከተማ ትኖራለች። ከባሏ ከተለያየች በኋላ፣ ሌሊት ሌሊት የመሥሪያ ቤቶችን ወለል እያጸዳች ሁለት ልጆቿን ታሳድግ ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ የሦስት ዓመት ወንድሟን ታስተኛለች፤ እናታቸው ጎሕ ሲቀድ ትመለሳለች። በአገር ቤት ቢሆን ጎረቤት ጆሮውን ጥሎ ያድርላት ነበር፤ እዚያ ግን የጎረቤት በር ዝግ ነው። አንድ ሌሊት ሕፃኑ አልቅሶ አልቅሶ ዝም አልል ቢል፣ ከፎቅ በላይ ያለ ሰው ለፖሊስ ደወለ። በማግሥቱም የአካባቢው አስተዳደር የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኞች መጡ።

እርሷም ወዲያው ወደ እኛ ስልክ መታች። «ወንድም ጋሼ፣ ልጆቹ ለጊዜው ሌላ ቤት ይቆዩ፣ አንቺም ፈርሚ ይሉኛል፤ ምን ላድርግ?» አለችን። እኛም በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርታችንና በመዝገብ ቤት ሥራችን ተመክተን፣ «ከመንግሥት ጋር አትከራከሪ፤ አንገትሽን ደፍተሽ እሺ በያቸው፤ ፈርሚ፤ ለሰውም አታውሪ፤ ዝም አይነቅዝም» አልናት። ይህ ምክር በሽማግሌዎች ፊት ቢሆን መልካም ነበር። በሽማግሌዎች ፊት አጎንብሶ «ጥፋቴ ነው» ያለ ሰው ይማራልና። እርሷም እንዳልናት ፈረመች፤ ልጆቹም ወደማያውቁት ቤተሰብ ተወሰዱ።

ቆይተን ጠይቀን እንደ ተረዳነው፣ በዚያ አገር ነገሩ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የሕፃናት ጉዳይ የሚመራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 በወጣው የልጆች ሕግ ነው። አስተዳደሩ ያለ ወላጅ ፈቃድ ልጅን ወስዶ በራሱ ጥበቃ ሥር ለማኖር ሲፈልግ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ አለበት። በሕጉ 31ኛ ክፍል መሠረት፣ ፍርድ ቤቱ ከሁሉ በፊት ልጁ ከፍተኛ ጉዳት እየደረሰበት መሆኑን ወይም ሊደርስበት የሚችል መሆኑን፣ ጉዳቱም ከአስተዳደጉ ጉድለት የመጣ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል። የአክስታችን ልጅ የፈረመችው ወረቀት ግን ከዚህ የተለየ ነበር። እርሱ በ20ኛው ክፍል የሚመራ፣ በወላጅ ፈቃድ የሚፈጸም ነገር ነው። ፈቃድ በመሆኑም አልሰጥም ማለት፣ ከሰጡ በኋላም መሻር ይቻላል። ይህን ግን እርሷም አላወቀችም፤ እኛም ሳናውቅ መከርን።

ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ደብዳቤ ደረሳት። አስተዳደሩ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ለመውሰድ ማሰቡን፣ ከዚያ በፊት ግን ለስብሰባ የሚጠራት መሆኑን የሚገልጽ ነበር። እርሷም ምክራችንን አክብራ ደብዳቤውን ከትራሷ ሥር አኖረችው። ዘጠኝ ቀን ካደረ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አንዲት እናት ፊቷን አይተው ነገሩን አወጣጧት። እኒህ ሴት ደብዳቤውን ሲያገላብጡ ከበስተኋላው የጠበቆች ስም ዝርዝር ተያይዞ አገኙ። «ልጄ፣ ይህን ከዘመድሽም ከንስሐ አባትሽም በፊት ለጠበቃ አሳዪው» አሏት። እኛ በሁለት ወር ያልሰጠነውን ምክር እርሳቸው በደጀ ሰላም ቆመው ሰጡ።

«ገንዘብ ከየት አመጣለሁ?» ብላ ነበር። ነገር ግን በዚያ አገር እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ወላጅ፣ ገቢው ሳይመረመር፣ ይረታል አይረታም ሳይባል፣ የጠበቃ ምክር በነጻ ያገኛል። ነገሩ ፍርድ ቤት በገባ ጊዜም በችሎት የሚቆምለት ጠበቃ ወጪው ከመንግሥት ነው። ቋንቋው ለማይገባውም በችሎቱ አስተርጓሚ ይቀርብለታል።

ጠበቃዋ የሠራችው ሥራ እኛ እንደ ገመትነው ጥፋትን መሸፈን አልነበረም። መጀመሪያ መዝገቡን አስመጥታ አነበበች። በመዝገቡ ውስጥ እናቲቱ የተባለችውን ሁሉ አምናለች የሚል ጽሑፍ አገኘች። ብትጠይቃት፣ የአክስታችን ልጅ «እሺ» ያለችው «ሰምቻለሁ» ለማለት ነበር። አንገት መድፋቷም ለአክብሮት ነበር፤ በመዝገቡ ግን ለነገሩ ግድ እንደሌላት ተቆጥሮባት ነበር። ጠበቃዋ ይህን በጽሑፍ አስተካከለች። ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት እንዲህ አለቻት፦ «ፈቃድሽን መሻር ትችያለሽ፤ ነገር ግን የሌሊቱን ሥራ ሳትተዪ ብትሽሪው አስተዳደሩ ፈጥኖ ዳኛ ዘንድ ይሄዳል። ልጆቹን ብቻቸውን ማሳደርሽ ስሕተት ነው፤ አስቀድመሽ እርሱን አርሚ።» ይህን እውነት እኛ ዘመዶቿ ደፍረን አልነገርናትም ነበር።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባ። እንዲህ ያለ ክርክር በ26 ሳምንት ውስጥ እንዲያልቅ በ2014 የወጣው ሕግ ያዝዛል፤ ለወላጅ አጭር፣ ለሕፃን ግን ረጅም ጊዜ ነው። በአራተኛው ወር፣ እናቱ ልትጎበኘው በሄደችበት ቀን፣ ትንሹን ልጅ በስልክ «እንደምን ነህ?» ብንለው በእንግሊዝኛ መለሰልን። ያን ዕለት ሥራችንን መሥራት አልቻልንም። እናቲቱ በዚህ መካከል የቀን ሥራ ያዘች፤ የልጆቹ አክስትም በጠበቃዋ አሳሳቢነት ቀርባ እርዳታዋ ተመዘነ። ልጆቹ ከቤት በወጡ በስምንተኛው ወር፣ አስተዳደሩ ለአንድ ዓመት እየተከታተለ እንዲረዳቸው ታዝዞ ወደ እናታቸው ተመለሱ።

«ልጁን ላልጠበቀ ወላጅ መንግሥት ስለ ምን ጠበቃ ይገዛለታል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛም በልጆች ላይ የሚደርሰውን እውነተኛ ጭካኔ አንክድም፤ ሕፃን ከክፉ ቤት ሊወጣ የሚገባበት ጊዜ አለ። ዳኛ ግን ክፉውን ቤት ከደኸየው ቤት የሚለየው ሁለቱን ወገን ሲሰማ ነው። በዚያ ችሎት አስተዳደሩ ጠበቃ አለው፤ ለሕፃኑም የእርሱን ጥቅም ብቻ የሚመለከት ሞግዚትና ጠበቃ ይቆሙለታል። ወላጅ ብቻውን ቢቀር ሚዛኑ ከወዴት ይገኛል? በስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2002 በብሪታንያ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ ጠበቆቿ ከጉዳዩ የወጡባት አንዲት እናት ሕፃኗን ስለሚያሳጣት ክርክር ብቻዋን እንድትሟገት መደረጓ ፍትሐዊ አይደለም ብሏል። በአንጻሩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1981፣ በአምስት ድምፅ በአራት፣ ሕገ መንግሥቱ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ሁልጊዜ ጠበቃ እንዲሰጥ አያስገድድም ብሎ ወሰነ፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ክፍላተ ሀገር በየራሳቸው ሕግ ጠበቃ ይሰጣሉ።

ነገሩ እኛንም ይመለከተናል። አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ9ኛው አንቀጽ፣ ልጅን ከወላጅ በሚለይ ጉዳይ የሚመለከታቸው ሁሉ ቀርበው እንዲሰሙ ያዝዛል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በ36ኛው አንቀጽ ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። በመንግሥት ወጪ ስለሚቆም ጠበቃ የሚናገረው 20ኛው አንቀጽ ግን ስለ ወንጀል ተከሳሽ ነው። በቤተሰብ ችሎት ደጅ የተቀመጠች ድኻ እናት ተስፋዋ በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ባለው የነጻ ድጋፍና በበጎ ፈቃደኛ ጠበቃ ላይ ነው። እንግዲህ ሕግ የተማሩ አንባቢዎቻችን ከጊዜያቸው ጥቂት ቢሰጡ ምን ያህል ቤት ሊያቆሙ እንደሚችሉ ያስቡበት።

ለእኛ ለዘመዶች ደግሞ የሚቀረን ይህ ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ዘመድ ስልክ ቢመታልን፣ «ዝም በል» አንበለው፤ «ልጆቹን ይዘህ ሽሽ»ም አንበለው። «ዛሬውኑ ጠበቃ ዘንድ ሂድ፤ ሳታሳየው አትፈርም፤ ከቀጠሮ አትቅር፤ ያጠፋኸውንም አትደብቅ» እንበለው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና። የአክስታችን ልጅ ዛሬም ወንድም ጋሼ ብላ ትጠራናለች፤ ስለዚያ ምክራችን ግን አንድ ቀን አንሥታብን አታውቅም። እኛው ራሳችን ማንሣት ስለ ነበረብን ይህን ጻፍን።