ልጁ በጠዋት ወጥቷል፤ ትምህርት ቤት ግን አልደረሰም



ዛሬ የምናነሳው ነገር ደስ የሚል አይደለም። ግን ሁላችን እያወቅነው ዝም ያልነው ስለሆነ እንናገረው ብለናል።

ሀዳር የምትኖሩ ሰዎች ጋን ቢንያሚንን ታውቁታላችሁ። ትምህርት የሚጀምረው 8 ሰዓት ነው፤ በሀገር ቤት ቆጠራ 2 ሰዓት ማለት ነው። 8 ሰዓት ተኩል ላይ በዚያ ብታልፉ ቦርሳቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ስልክ የሚነካኩ ልጆች ታያላችሁ። ከነሱ ውስጥ የኛም ልጆች አሉ። እኛን ሲያዩ ኮፍያቸውን ወደ ታች ይስባሉ፤ እናታቸውን እንደምናውቃት ያውቃሉና። በዚያው ሰዓት እናትየዋ ጋ ብንደውል «ኧረ ልጄ በጠዋት ነው የወጣው፣ ምሳውንም ይዞ» ትለናለች። እውነቷን ነው፤ ወጥቷል። አልደረሰም እንጂ።

እኛ የማህበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ነን። በልጅነታችን መጥተን እዚህ አድገን ዛሬ አርባዎቹን የያዝን ነን። ረቫሃ ሲባል በብዙ ቤት «ልጅ ሊወስዱ መጡ» እንደሚባል እናውቃለን፤ እኛም በልጅነታችን እንደዚያው ስንሰማ ነው ያደግነው። ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር።

በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በዘመቻ ሰለሞን፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከመጡት ከ14,000 በላይ ሰዎች መካከል ነን። ዕድሜያችን ያኔ 9 ዓመት ነበር። መጀመሪያ ሆቴል፣ ቀጥሎ ካራቫን፣ ከዚያ ነው ቤት ያገኘነው። ዕብራይስጡን ከወላጆቻችን ቀድመን ያዝነው። ሰው ሁሉ «ጎበዞች» አለን። ነገሩ የተበላሸው ግን እዚያ ላይ ነው፤ በቤቱ ውስጥ የማንበብ ሥልጣን የልጅ ሆነ። የመብራቱን፣ የባንኩን፣ የኩፓት ሆሊሙን ወረቀት የምናነብ እኛ፣ አባታችን ደግሞ የሚጠይቁ ሆኑ።

13 ዓመት ሲሆነን ከትምህርት ቤት መጥፋት ጀመርን። ጮክ ብለን ስናነብ ክፍሉ ይስቅብን ነበር፤ ሌላ ትልቅ ምክንያት አልነበረንም። አንድ ቀን ማህተም ያለበት ደብዳቤ መጣ። «ልጅዎ በዚህ ወር 11 ቀን ቀርቷል፤ መጥተው ያነጋግሩን» ይላል። አባታችን ከሌሊት ሥራ ገብተው ጫማቸውን ገና ሳያወልቁ «ምን ይላል?» አሉን። «ልጅዎ ጎበዝ ነው፣ እናመሰግናለን ይላል» አልናቸው። ደብዳቤውን ሳሙት። አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ከዚያ ወዲህ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳዩት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲያርፉ ወረቀቶቻቸውን ስንሰበስብ፣ ያ ደብዳቤ ከቴኡዳት ኦሌያቸው ጋር በአንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ ተገኘ። እናታችን አጠገባችን ነበሩ። «ምንድን ነው እሱ?» አሉ። አልነገርናቸውም። ይህን ጽሑፍ የሚያነብላቸው ሰው ካለ ዛሬ ይሰማሉ።

ይህን ያነሳነው ዛሬም ያው ስለሆነ ነው፤ ወረቀቱ ብቻ ነው የተለወጠው። አሁን ብዙ ትምህርት ቤቶች ማሾቭ በሚሉት ነገር በስልክ ይልካሉ። «ሒሱር» ካለ ቀርቷል ማለት ነው፤ «ኢሁር» ካለ ዘግይቷል። እነዚህን ሁለት ቃላት ብቻ ብታውቁ ይበቃችኋል። የስልካችሁን ኮድ የሚያውቀው፣ መልእክቱንም የሚከፍተው ልጁ ከሆነ ግን እኛ አባታችንን ያደረግናቸውን እናንተንም ያደርጋችኋል። ክፉ ስለሆነ አይደለም። ስላፈረ ነው።

«በወር ሁለት ቀን ቢቀር ምን ይሆናል?» የሚሉ ወላጆች አሉ። እስቲ እንቁጠረው። በወር 20 ቀን ያህል ትምህርት ካለ ሁለቱ ቀን ከአሥር አንድ ነው። በአሜሪካ ከአሥር ቀን አንዱን የቀረ ልጅ ሥር በሰደደ መቅረት ውስጥ ካሉት ይቆጠራል፤ እዚያ ዓመቱ 180 ቀን ያህል ስለሆነ 18 ቀን ማለት ነው። ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል እንዲህ ከቀጠለ ልጁ ከአንድ ዓመት በላይ ትምህርት አጥቷል። ይህ ደግሞ የኛ ልጆች ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከኮሮና በፊት እንዲህ የሚቀሩት ከመቶ 15 ያህል ነበሩ፤ በ2021 እና 2022 የትምህርት ዓመት ከመቶ 28 ደረሱ። እኛም ጋ በ2020 ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ልጁ በአልጋው ላይ ሆኖ በዙም መማር ለመደ። በ2024 ሀይፋ ላይ ሮኬት ሲወርድ ደግሞ ተዘጋ፤ በጁን 2025 የኢራን ሚሳይል ሲመጣ እንደገና። «ዛሬ ትምህርት አለ ወይስ የለም?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ልማድ ሆነ።

አሁን ስለ አንድ ቤት እንንገራችሁ። ስም አንጠራም፤ ቤቱ እንዳይታወቅም አንዳንዱን ነገር ለውጠነዋል። ልጁ 14 ዓመቱ ነው። ሦስት ጊዜ ስብሰባ ጠራን፣ ሦስቱንም እናትየዋ አልመጣችም። ፋይሉ ላይ «ወላጅ አይተባበርም» ብለን ጻፍን። በገዛ እጃችን። ያውም በአማርኛ ተናጋሪ እጅ!

በኋላ ማታ ቤቷ ሄድን። በሩን ከፍታ ሳትቀመጥ፣ «ልትወስዱብኝ ነው?» አለች። አይደለም አልናት፣ አላመነችንም። ቡና እስኪፈላ ድረስ ዝም ብለን ተቀመጥን። ከሁለተኛው ሲኒ በኋላ ነው የነገረችን። ከሌሊቱ 4 ሰዓት ተነስታ ቢሮ ልታጸዳ ትሄዳለች። ትልቁ ልጅ ሁለቱን ትንንሾች አልብሶ ጋን ያደርሳል። ጋኑ በር ሲከፍት 7 ሰዓት ተኩል ነው፤ አውቶቡስ ይዞ ትምህርት ቤቱ ሲደርስ ሁልጊዜ አርፍዷል። በሩ ላይ «ወላጅ አምጣ» ይሉታል። ወላጁ ሥራ ላይ ናት፤ ከቀረች የቀኑ ደሞዝ ይቀርባታል። እንዲህ እንዲህ ሲል ልጁ ከበሩ ላይ ክርክር የጋን ቢንያሚን ወንበር ይሻላል አለ። ስብሰባ የጠራነው በ10 ሰዓት ነበር፤ ያ ደግሞ ሁለተኛ ሥራዋ ላይ የምትሆንበት ሰዓት ነው።

እንግዲህ ማን ነው ያልተባበረው?

ያን ያለቀለት ቤት መስሎን ነበር። መፍትሔው ግን ከኛ ቢሮ አልመጣም። ከሷ በታች ሁለት ደረጃ ወርዶ የሚኖሩ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው አንድ አባት አሉ። በሀገር ቤት በልጅነታቸው ከብት ጠብቀዋል፤ ትምህርት ቤት ያዩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በሙአዶን ስለ ጉዳዩ፣ ስም ሳንጠራ፣ ስናወራ ሰምተው ኖሮ ማታ ደውለው «የዚያች ልጅ ነገር ከሆነ ትንንሾቹን እኔ አደርሳለሁ፤ በጠዋት እንደሁ እንቅልፍ የለኝም» አሉ። ስም ሳንጠራ አወቁት! እናትየዋ ጋኑ ጋ ሄዳ ልጆቹን ማድረስና መውሰድ የሚችል ሰው ብላ ፈረመችላቸው። ልጁ 8 ሰዓት ሳይሞላ ክፍሉ መድረስ ጀመረ። ሁልጊዜ አይደለም። ግን ጀመረ።

በ2021 በአሜሪካ በኮነቲከት ግዛት የተጀመረ አንድ ሥራ አለ። መምህራንና የሰፈር ሰዎች ሆነው ብዙ የሚቀሩ ልጆች ቤት ይሄዳሉ፤ ለመክሰስ ሳይሆን «ለልጃችሁ የምትመኙት ምንድን ነው?» ብለው ለመጠየቅ። ሲጠና፣ የተጎበኙት ልጆች መገኘት ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህን ስናነብ ሳቅን። እኛ ሽማግሌ መላክ የምንለው አይደል?

ስለ ካባስ ደግሞ ብዙ ፍርሃት አለ። ካባስ ፖሊስ አይደለም። የግዴታ ትምህርት ሕግ የወጣው በ1949 ነው፤ ዛሬ ከ3 ዓመት ዕድሜ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ልጅ ሁሉ ይይዛል። ልጁ ትምህርት ላይ መገኘቱን የሚከታተለው የሕጉ ሰው ካባስ ነው። ወላጅ በሕጉ ይጠየቃል፣ ይህን አንደብቃችሁም። ግን ራሳችሁ ቀድማችሁ «ልጄ እየቀረ ነው፣ እርዱኝ» ያላችሁ ዕለት ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ ልጁ ክፍል እንዲለወጥለት፣ የሚያስጠናው ሰው እንዲያገኝ፣ ሌላ ትምህርት ቤት እንዲሞከር የመነጋገሪያው በር እሱ ነው። የምትጠሩትም ስብሰባ በማይመቻችሁ ሰዓት ከሆነ ሰዓቱ እንዲለወጥ ጠይቁ፤ አስተርጓሚም ይኑር በሉ። ልጁ ግን አያስተርጉም፤ በራሱ ጉዳይ ላይ መቼም ልጅ አስተርጓሚ አይሁን። እኛ ምስክሮች ነን።

ለኩፓት ሆሊምም እንደዚሁ። እናት ስትታመም ልጅቷን ከክፍል አስቀርታ ለአስተርጓሚነት መውሰድ በኛ ዘንድ የተለመደ ነው። የ15 ዓመት ልጅ የእናቷን የሆድ ዕቃ በሽታ ለሐኪም ማስረዳቷ በራሱ ሸክም ነው፤ ፈተና ቢያመልጣት ደግሞ ሌላ ሸክም። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ሕክምናው በቋንቋና በባህል የሚስማማ እንዲሆን አዟል። አስተርጓሚ ብትጠይቁ ልመና አይደለም።

አሁን የምንለው ትንሽ ሊያስቀይማችሁ ይችላል። ሠርግና ለቅሶ ቢነካ እንቆጣለን፣ እናውቃለን። ለቅሶ መድረስ የኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ይቅር አንልም። ግን ናታንያ ሠርግ፣ ኪርያት ማላኺ ለቅሶ፣ ሐዴራ ተዝካር እየተባለ ልጆቹ ሁሉ በመኪና ሲጫኑ፣ ሌሊት 2 ሰዓት ገብተው በጠዋት ማን ይነሳል? ትልቆቹ እንሂድ፤ ተማሪው ጎረቤት ዘንድ ይደር። ስግድ ሌላ ነው። ስግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ በዓል ነው፤ ኢየሩሳሌም ይዛችኋቸው ውጡ፣ ለመምህሯ ግን ቀድማችሁ ንገሯት።

ሌላው ዝምታችን ነው። በሀገር ቤት ልጅ ከብቱን ትቶ ሲጫወት የተገኘ እንደሆነ ያየው ሰው ሁሉ ይመልሰው ነበር፤ የማን ልጅ ነው ተብሎ አይጠየቅም። ዛሬ በኖርዳው መንገድ ላይ በ10 ሰዓት የጎረቤታችንን ልጅ እያየን «ብናገር እናቱ ትቀየመኛለች» ብለን እናልፋለን። በጁን 30 ቀን 2019 እዚሁ ሀይፋ፣ ኪርያት ሃይም ላይ ሰለሞን ተካ በፖሊስ ጥይት ከሞተ ወዲህ፣ ልጇ የት እንዳለ የማታውቅ እናት ሳይረን ስትሰማ ልቧ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ንገሯት። ልጁንም አትስደቡት፣ በሰው ፊት አትጩኹበት። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ «ምን ሆነህ ነው?» በሉት። መጀመሪያ «ምንም» ይላል። ትንሽ ቆዩ። አንዳንዱ «ኩሺ ብለው ይሰድቡኛል» ይላል፤ አንዱ ለቲዩል የሚከፈል ስለሌለው ነው፤ አንዱ በ8ኛ ክፍል ማንበብ ስለማይችል ነው። ሁሉንም በአንድ ቁጣ ማከም አይቻልም። ትምህርት ቤቱም የሚጠየቅበት አለ፤ ልጅ የሚሰደብበት ክፍል ይዘን «ለምን አትመጣም» ብንለው አይሰማንም።

ያ የነገርናችሁ ልጅ ባለፈው ሮብ ደግሞ ቀረ። ማሾቭ ላይ «ሒሱር» ሲመጣ እናቱ ራሷ ከሥራ ቦታዋ ደወለችልን፤ ቃሉን አሁን ታውቀዋለች። ሐሙስ ጠዋት ከ7 ሰዓት በፊት አባ በሩን አንኳኩተው «ጫማህን አድርግ፣ ደረጃውን አብረን እንውረድ» አሉት። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የሀዳርን ደረጃ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በአንድ እጃቸው ትንሿን፣ በሌላው ብረቱን ይዘው ወረዱ። እሁድም እመጣለሁ ብለውታል።