ጋዙን አትንኩት

ድራፍት አረፋ ሲበዛበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደ ጋዙ ነው። እኔም እንደዚያው አደረግኩ፤ ያውም የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ሆኜ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ነው፤ እንጀራዬም የሆቴልና የምግብ ቤት ፍሪጅ መጠገን ነው። ደንበኛ "አልበርድ አለኝ" ብሎ ሲጠራኝ ከመሣሪያ ሣጥኔ ቀድሞ የሚወጣው ቴርሞሜትር ነው። በራሴ ጋራዥ ለቆመው የድራፍት ማሽን ግን ቴርሞሜትር ለማውጣት አንድ ሙሉ ሰመር ፈጀብኝ።

ማሽኑን ያገለገለ ነው የገዛሁት። አጭር ፍሪጅ፣ ከላዩ ባለ አንድ ቧንቧ ምሰሶ፣ በጀርባው 5 ፓውንድ የሚይዝ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር። ምርቃት፣ ክርስትና፣ ፋሲካ እየተባለ ቤታችን ሰው አይጠፋም፤ የጠርሙስ ካሳ መሸከም ሰልችቶኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ለእንግዳ ከራስ ቧንቧ ጃምቦ ቀድቶ ማቅረብ ያኮራል።

ልጄ ሃይስኩል የተመረቀች ዕለት ትልቁን በርሜል፣ 15.5 ጋሎን የሚይዘውን፣ ጠዋት በመኪና አምጥቼ ፍሪጁ ውስጥ ከተትኩትና ከሰዓት እንግዳ ሲገባ ከፈትኩት። በባለ 12 አውንስ ብርጭቆ ቢቀዳ ከ160 በላይ ይወጣዋል። ከቧንቧው የመጣው ግን አረፋ ነው። ከሥር ሁለት ጣት ቢራ፣ የቀረው ነጭ። የጋዙን ግፊት ከ12 ፒኤስአይ ወደ 8 ዝቅ አደረግኩት። ለትንሽ ጊዜ የተሻለው መሰለ፤ ከዚያ ባሰበት። ወደ 5 አወረድኩት። ከድጡ ወደ ማጡ! አጎቴ ብርጭቆውን ወደ መብራት አንሥቶ እያየ፣ "አንተ፣ ይሄ ለመጠጥ ነው ለልብስ?" ሲለኝ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን አሮ ነበር። በነገራችን ላይ ያን ቀን አረፋ ያልቆየበት ብርጭቆ ቢኖር ክትፎ ሲበላ በቆየ እጅ የተያዘው ነው። ቅባት የቢራ አረፋን ያፈርሳል፤ መድኃኒት ነው ብዬ ግን አልመክርም።

በማግስቱ ቢራ ሻጩ ዘንድ ደውዬ "ያረጀ ቢራ ሸጥክልኝ" ብዬ ጮኽኩበት። ሰውየው አልተቆጣም። "ቢራው ስንት ዲግሪ ላይ ነው?" አለኝ። የፍሪጁ ማሳያ 38 ፋራናይት እንደሚል ነገርኩት። "ማሳያውን አይደለም፤ ቢራውን ነው የጠየቅኩህ" አለ። ስልኩን በንዴት ዘጋሁት። ያናደደኝ ነገሩ ሐሰት ስለሆነ አልነበረም። ለደንበኞቼ ስንት ዓመት ስለው የኖርኩትን ቃል ሌላ ሰው ለእኔ ስላለኝ ነው። እልኬ ስላልበረደ ወሩን ሙሉ ጋዙን ሳወጣና ሳወርድ፣ ባልዲ ሙሉ አረፋ ስደፋ ከረምኩ።

አንድ ማታ የእጅ ባትሪ ይዤ የፍሪጁን በር ከፈትኩና ቱቦውን አበራሁበት። ቱቦው ብርሃን ያሳልፋል። ቢራው እንደ አንድ ወጥ ገመድ ተያይዞ መቀመጥ ሲገባው እዚህም እዚያም ተቆራርጧል፤ በቁርጥራጩ መሀል ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ባዶው ጋዝ ነው። ዓይኔ እያየ ከበርሜሉ ራስ ደቃቅ አረፋ ተነሥቶ ያን ባዶ ቦታ ሲያሰፋው ነበር። ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ የሚገፋው ይህ ነው።

ለካ ስንት ጊዜ ያየሁትን ነገር ነው የረሳሁት። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ክዳኑ ሳይነካ ጸጥ ያለ ነው፤ ክዳኑን ላላ ስታደርጉት ይፈላል። ጋዙን ፈሳሹ ውስጥ አፍኖ የያዘው ግፊቱ ነውና። ግፊቱን ስቀንስ ቢራው ውስጥ ያለውን ጋዝ አልቀነስኩም፤ በር ከፈትኩለት እንጂ። ሙቀትም ያንኑ ያደርጋል፤ ቢራ በሞቀ ቁጥር ጋዙን ለማቆየት የሚጠይቀው ግፊት ይጨምራል።

ከዚህ በኋላ አፍሬም ቢሆን ቴርሞሜትሬን አወጣሁ። የፍሪጁን አየር አይደለም የለካሁት፤ የቀዳሁትን ሁለተኛ ብርጭቆ ነው፤ የመጀመሪያው የምሰሶውንና የብርጭቆውን ሙቀት ይዞ ስለሚወጣ ያታልላል። 46 ፋራናይት! የፍሪጁ መለኪያ የተገጠመው ከማቀዝቀዣው ሳህን ጎን ስለነበር የሚያነበው የራሱን ብርድ ነው። ጋራዡ በሐምሌ እንደ ምጣድ ይግላል። የምርቃቱ ዕለት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር፤ ያን የሚያህል በርሜል በመኪና ሲናጥ መጥቶ በጥቂት ሰዓት አይበርድም፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሳይነካ መቀመጥ አለበት።

ቁጥሩን ላስረዳ። የተለመደው ላገር ቢራ ጋዙን እንደያዘ እንዲቆይ በ38 ፋራናይት 11 ፒኤስአይ ገደማ ይበቃዋል። በ46 ግን 15 ወይም 16 ይፈልጋል። እኔ 5 ላይ አድርጌ ነበር የምጠብቀው። በዚያ ላይ እነዚህ ቁጥሮች የባሕር ጠለል ቁጥሮች ናቸው። ጌጁ የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ በየ2,000 ጫማው 1 ፒኤስአይ ያህል መጨመር ያስፈልጋል። ዴንቨርና አካባቢዋ 5,280 ጫማ ገደማ ላይ ስለሆኑ 2 ተኩል መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሥራዬ እንደማደርገው አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን አልነካሁም። መጀመሪያ ብርዱ፦ መለኪያውን ከሳህኑ አርቄ ቢራው ራሱ 38 እስኪገባ ጠበቅኩ። ቀጥሎ ግፊቱ፦ 14። አሁን ደግሞ ቢራው በኃይል መፍሰስ ጀመረ፤ ከማሽኑ ጋር የመጣው ቱቦ 5 ጫማ ብቻ ነበርና። ውስጡ 3/16 ኢንች የሆነ የ10 ጫማ ቱቦ ገዝቼ ጠቀለልኩት፤ ቱቦ በረዘመ ቁጥር ፍሰቱን ያዘገየዋል። የመጀመሪያው ብርጭቆ ብቻ ሲያስቸግር ምሰሶው እንደሚሞቅ ገባኝና ከፍሪጁ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ ትንሽ ማራገቢያ ገጠምኩ። ቧንቧን በግማሽ መክፈት ቁጠባ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ቢራው በጠባቡ ሲሹለከለክ ተንጦ አረፋ ይሆናል፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ቱቦውንም በየሁለት ሳምንቱ እጠቡት፤ የቆሸሸ ቱቦ በደህናው ማሽን ላይም አረፋ ያመጣል።

ሻጩን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሳቅ ብሎ "ስንት ሆኖ አገኘኸው?" ነው ያለኝ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ እንዲህ ያለ ማሽን ቤታችሁ ለምታቆሙ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእኔን 14 እንዳለ አትውሰዱ። ከተማችሁ ከዴንቨር ከ2,000 ጫማ በላይ ከፍ ስለምትል ለዚያው ቢራ፣ በዚያው ብርድ፣ 15 አካባቢ ያስፈልጋችኋል።