የቁልቢ መንገድና የስእለት ዕዳ

ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዝ ምእመን በመጀመሪያ የሚያገኘው የደንገጎን ዳገት ነው። ሞቃቱ ቆላ ከኋላ እየቀረ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ መንገዱም እየተጠማዘዘ ወደ ደጋው ይወጣል። ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ወደ ሐረር ሲያመራ ሁለተኛው ወደ ምዕራብ ታጥፎ የሐረርጌን ደጋ ተከትሎ ቁልቢ ይደርሳል። ርቀቱ በጠቅላላው ከ60 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ለመኪና አጭር መንገድ ነው፤ ነገር ግን ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን የሚከበሩት በዓላት ሲቃረቡ ብዙ ሰው ይህንኑ መንገድ በእግሩ ይሄድበታል።

ተጓዡን ቆም ብሎ የተመለከተ ሰው የአገሩን ልመና ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ያያል። እናት በስእለት ያገኘችውን ሕፃን አዝላ ለክርስትና ታመጣለች። ጎልማሳው ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። አንዱ ጧፍና ዕጣን፣ ሌላው ጃንጥላና ምንጣፍ ይዟል፤ በግ የሚነዳም አለ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የማሽላና የጫት እርሻ ይታያል፤ የአካባቢው ገበሬ በአብዛኛው እስላም ሲሆን፣ ከእነርሱም መካከል ስእለት ይዘው ወደ ቅዱስ ገብርኤል የሚመጡ አሉ።

የቦታው ታሪክ ራሱ የስእለት ታሪክ ነው። የሐረርጌ ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ መኰንን በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ እግዚአብሔር በድል ቢመልሳቸው በቅዱስ ገብርኤል ስም ቤተ ክርስቲያን እንደሚሠሩ ተሳሉ ይባላል። ድሉ ተገኘ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ተሠራ። ራስ መኰንን ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው በመጋቢት ወር 1898 ዓ.ም. ያረፉት እዚያው ቁልቢ ነው። ኋላም ልጃቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዛሬ የምናየውን ሰፊ ሕንፃ አሠሩ።

እንግዲህ ስእለት ምንድር ነው? ሰው በገዛ ፈቃዱ ለእግዚአብሔር የሚገባው ቃል ነው። ያዕቆብ በቤቴል ተስሏል፤ ሐና ልጅ ብታገኝ ለእግዚአብሔር ልትሰጠው ተስላ ሳሙኤልን ጡት ካስጣለች በኋላ ወደ ሴሎ ወስዳዋለች፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ስእለት ስለነበረበት በክንክራኦስ ራሱን ተላጭቷል። ስእለቱን የሚቀበለው እግዚአብሔር ነው፤ መልአኩ አማላጃችን ነው። ኦሪት ዘዳግምም አለመሳል ኀጢአት እንዳልሆነ፣ የተሳለ ሰው ግን ሳይዘገይ መክፈል እንደሚገባው ያስተምራል። ማንም ያላስገደደን ቃል ስለሆነ ዕዳነቱ ይጸናብናል።

በዚህ መንገድ ላይ አንዲት ጃንጥላ የያዙ አሮጊት አብረውኝ ጥቂት ተጓዙ። «እናቴ፣ ስእለትዎ ደርሶልዎ ነው?» አልኳቸው።

«አልደረሰም፣ ልጄ። ለልጄ ጤና ነበር የተሳልኩት፤ እርሱ ግን ዐረፈ።»

«ታዲያ ጃንጥላው?»

«እግዜር ልጄን ወሰደው እንጂ አልተጣላኝ። ባዶ እጄን ቤቴ ተቀምጬ ከማለቅስ እርሱ ደጅ ሄጄ ላልቅስ ብዬ ነው።»

በሕጉ ቢታይ እኚህ እናት ዕዳ የለባቸውም፤ የተሳሉበት ነገር አልተፈጸመምና። ሆኖም የታኅሣሥን በዓል ምሥጢር ከብዙዎቻችን ይልቅ እርሳቸው ያስተዋሉት ይመስለኛል። በዚያ ቀን የምናስበው ሠለስቱ ደቂቅ፣ አናንያና አዛርያ ሚሳኤልም፣ ከናቡከደነፆር እሳት የዳኑበትን ተአምር ነው። እነዚያ ወጣቶች በንጉሡ ፊት ሲቆሙ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል መሰከሩ፤ ባያድናቸውም እንኳ ለጣዖት እንደማይሰግዱ ጨምረው ተናገሩ። ስእለታችን «ይህን ብታደርግልኝ» ብሎ ይጀምራል፤ የእነርሱ እምነት ግን «ባታደርግልንም» እስከ ማለት ደረሰ። ስለዚህ ስእለት የልጅ ልመና እንጂ የነጋዴ ውል አይደለም። ልጅ አባቱን ይለምናል፤ የለመነውን ቢያጣም ከአባቱ ቤት አይወጣም።

ይህን ካስተዋልን በየቤታችን የሚታዩትን ሦስት ጉድለቶች ማረም አይከብደንም።

የመጀመሪያው ያለ መጠን መሳል ነው። ዮፍታሔ በችኮላ የተናገረው ቃል በአንዲት ልጁ ላይ የወደቀ መሆኑን መጽሐፈ መሳፍንት ይነግረናል። በጭንቅ ጊዜ አንደበት ይፈጥናል፤ ደመወዙ የማይችለውን ወርቅ ከሚሳል ሰው አንዲት ጧፍ ተስሎ በጊዜዋ የሚያደርስ ይሻላል።

ሁለተኛው በሌላው ድርሻ መሳል ነው። ጌታችን ለአባትና ለእናት የሚገባውን ረድኤት «ቁርባን ነው» እያሉ የሚያስቀሩትን ነቅፏቸዋል። የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያ ወይም የሽማግሌ ወላጅን ቀለብ ቀንሶ ለደጁ ማቅረብ እግዚአብሔርን አያስደስተውም። ኦሪት ዘኍልቍም በምዕራፍ 30 ስለ ሚስትና ስለ ልጅ ስእለት ሲደነግግ፣ ስእለት ቤተ ሰብን እንደሚነካ ያሳየናል። ባልና ሚስት ሳይመካከሩ ቤታቸውን የሚነካ ስእለት ባይሳሉ መልካም ነው።

ሦስተኛው መዘግየት ነው። ሕመሙ ሲያልፍ ቃሉም ይረሳል፤ «ለከርሞ» የተባለው ስእለት ዓመታት ይቈጠሩበታል። ዐቅም ያጣ ሰው ዝም ብሎ ከመሸሽ ለንስሓ አባቱ ችግሩን ይግለጽ፤ አባትየው እንደ ዐቅሙ መንገዱን ያሳየዋል።

ውድ አንባብያን፣ ልጆቻችን የምንሳለውን ይሰማሉ፤ የምንከፍለውንም ይመለከታሉ። አባት ለእግዚአብሔር የገባውን ቃል ሲጠብቅ ያየ ልጅ ለሰው የሚሰጠውንም ቃል ማክበር ይማራል። ቁልቢ ለመሄድ የምትዘጋጁ ሁሉ ጃንጥላውንና ጧፉን ስታሰናዱ «ባታደርግልኝም አምላኬ ነህ» የሚለውን ልብ አብራችሁ አሰናዱ። የተሳልነውን ለመፈጸም ያብቃን፤ ያልተሰጠንንም በትዕግሥት እንድንቀበል የቅዱስ ገብርኤል አማላጅነት አይለየን። አሜን።